ተሳፍሬበት የማላውቀው ባቡር

በአማርኛ ግጥም ውስጥ የባቡር ሥራው ማምለጥ ነው። ዕድሜ ባቡር ሆኖ ያመልጣል፤ ፍቅር ባቡር ሆኖ ያመልጣል፤ አገርም የሥልጣኔው ባቡር አምልጧት ጣቢያው ላይ ቆማ ታለቅሳለች። በአንድ የግጥም ምሽት ላይ ተገኝቶ ቢያንስ አንድ ያመለጠ ባቡር ሳይሰማ ወደ ቤቱ የተመለሰ አድማጭ ያለ አይመስለኝም። እኔም ከጥፋተኞቹ አንዱ ነኝ፤ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሦስት ያህል ባቡሮች በግጥም አምልጠውኛል።

ይሁን እንጂ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ላደገ ሰው ይህ ዘይቤ የሚያስቅ ነገር አለው። የእኛ ባቡር አያመልጥም ነበር። የእኛ ባቡር ይዘገያል። ጠዋት ይመጣል የተባለው ከሰዓት፣ ከሰዓት የተባለው ሌሊት፣ ሌሊት የተባለው ደግሞ ከነጭራሹ በማግስቱ ይመጣል። ያመለጠው ባቡር ግጥም የተጻፈው ባቡር ሰዓት በሚያከብርበት አገር መሆን አለበት፤ እኛ ዘንድ የመጣው ተተርጉሞ ነው። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ይህችን ነገር ለማለት ነው፦ ስለ ባቡር ብዙ ጽፈናል፤ ባቡሩን ግን አልጻፍነውም።

ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር ነው። ድሬን ለማያውቅ አንባቢ ደቻቱን ማስረዳት ያስቸግራል። ወንዝ ይባላል እንጂ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውኃ የለበትም። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነው፤ በዚህ በኩል ከዚራ፣ በዚያ በኩል መጋላ። ኳስ የምንጫወተው እሱ ላይ ነው፤ ግመል የሚነዳበት፣ ፍየል የሚታሰርበት፣ ሰውም ሠፈር ለሠፈር የሚቆራረጥበት እሱ ነው። አንዳንድ ክረምት ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ ከደንገጎ ተራሮች የዘነበው ዝናብ ተጠራቅሞ በድንገት ይደርሳል። ያን ጊዜ አሸዋው ወንዝ መሆኑ ይታወሰዋል።

የባቡር ጣቢያው ያለው በከዚራ በኩል ነው፤ ከወንዙ እስከ ሐዲዱ ያለው ርቀት የልጅ አንድ ትንፋሽ ሩጫ ነበር። ጡሩምባው ሲሰማ ኳሱ ባለበት ይቀራል። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደመራ፣ ክርክሩ ሁሉ ይረሳና አሸዋ ያቃጠለው ባዶ እግራችንን ይዘን እንሮጣለን። ይህ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻና በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ባቡሩ በዚያን ጊዜም ያረጀ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ጠብቋል። ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ስለከለከለው ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ በቀለ። መጀመሪያ የተሰጣት ስም እንኳ «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር። ስለዚህ ሌላው ከተማ ውስጥ ባቡር ገባ ሲባል፣ በእኛ ዘንድ ከተማው ነው ወደ ባቡሩ የመጣው።

በሠፈራችን አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። (በድሬ አንቱ የሚባል ሰው ብዙ አልነበረም፤ እኛ ልጆቹ አንተ እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ አሁን ሳስበው ግን ብዕሬ እምቢ ስላለኝ በአንቱታ እጽፋቸዋለሁ።) ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡና የባቡሩን መድረሻ ከኪስ ሰዓታቸው ጋር ያመሳክራሉ። ባቡሩ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ንግግራቸው ውስጥ ፈረንሳይኛ ጣል ጣል ያደርጋሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ፈረንሳይኛ ይሆናሉ። የጣቢያዎቹን ስም በቃላችን ያስጠኑን እሳቸው ናቸው። ወደ ላይ፦ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ አዲስ አበባ። ወደ ታች፦ ሺኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ጅቡቲ። ትምህርት ቤት ግጥም አጥና ስባል የምቸገር ልጅ ይህችን ሳልሰናከል እወጣት ነበር። ዛሬ ሳስበው በሕይወቴ መጀመሪያ በቃሌ የያዝኩት ግጥም እሱ ነው።

ሐዲዱ ላይ ሚስማር እናስቀምጥ ነበር። ባቡሩ ሲያልፍበት ይደፈጠጥና ጫፉ ስለት ይሆናል፤ እንደ ገና ድንጋይ ላይ ተስሎ ብርቱካን መላጫ ቢላ ይወጣዋል። አሥር ሳንቲምም ሞክረናል፤ አንበሳው ፊቱ ተዘርግቶ፣ ጎፈሩ ጠፍቶ፣ የበግ መልክ ይዞ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ግን የምወደው ፉርጎ መቁጠር ነው። ከጓደኛዬ ጋር ጎን ለጎን ቆመን እንቆጥራለን፤ እሱ በአፋን ኦሮሞ፣ እኔ በአማርኛ፤ መጨረሻ ላይ ድምሩ ሁልጊዜ ይለያያል። ተጣልተን፣ ተኳርፈን፣ ቀጣዩ ባቡር ሲመጣ እንታረቃለን። ዛሬ ኑሮዬን የመሠረትኩት በመቁጠር ላይ ስለሆነ ያኔ የተሳሳተው እሱ ነበር ብዬ ለመደምደም እደፍራለሁ፤ እሱ ግን መልስ ሊሰጠኝ አይችልም። በሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ደቻቱ ሞልቶ የወንዙን ዳር ሠፈሮች ጠርጎ ወሰደ። ሰው በእንቅልፍ ላይ ነበር። ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ። እኛ ቤት ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበረ ውኃው በራችን ላይ ተመለሰ። የእነሱ ቤት ዝቅ ያለው ላይ ነበር። ስለዚያ ሌሊት እስከ ዛሬ አንዲት ስንኝ አልጻፍኩም፤ እዚህም ከዚህ በላይ አልልም።

ወደ ባቡሩ ልመለስ። የሕፃንነት ትዝታ ሲጻፍ ልጁ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ሁልጊዜ ተመልካች ይሆናል። እኛ ተመልካች ብቻ አልነበርንም። ከጅቡቲ በኩል የሚመጣው ባቡር ጣቢያው ሳይደርስ ፍጥነቱን ሲቀንስ መስኮቶቹ ይከፈታሉ፤ ከየመስኮቱም ጥቅል ይወረወራል። ጨርቅ ነው፣ ሽቶ ነው፣ የዱቄት ወተት ነው፣ አንዳንዴም ሬዲዮ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ከታች የሚቀበል ሰው አለ፤ ከሚቀበሉትም መካከል እኛ አለን። ኮንትሮባንድ የሚለውን ቃል ሕገ ወጥ መሆኑን ሳላውቅ ነው የለመድኩት፤ እንደ ልብስ ስፌት ወይም እንደ እንጀራ መጋገር የእናቶች ሥራ ስም ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱም እናቴ ትሠራው ነበር።

እናቴ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ደወሌ ትወርዳለች። ስትሄድ ቀጭን ናት፤ ስትመለስ ወፍራም። በዚያ ሙቀት አራት ቀሚስ ደርባ፣ ወገቧ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ ከባቡር ስትወርድ እኔ የማውቃት በአረማመዷ ነበር። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመቴ ገደማ፣ አንድ ምሽት፣ ትመጣለች በተባለበት ባቡር ላይ አልነበረችም። ፉርጎዎቹን ቆጠርኩ። ወራጁን ሁሉ በዓይኔ ለቀምኩ። ባቡሩ ባዶ ሆኖ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ጥበቃው «ሂድ አቦ፣ ቤትህ ግባ» እስኪለኝ ድረስ ቆምኩ። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ በጭነት መኪና ላይ ከፍየሎች ጋር መጣች። አንድ ቀሚስ ብቻ ነበር የለበሰችው። ጥቅሏም የለም። ተቀመጠችና ነጠላዋን አራገፈች፤ «በላችሁ?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኛም አልጠየቅናትም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያንን ምሽት እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦

ፉርጎ እየቆጠርኩ ካሸዋው ዳር ቆሜ፣
አንዷን ፍለጋ ነው ያ ሁሉ ድካሜ፤
ባቡሩስ ደረሰ፣ ጡሩምባውን ነፋ፣
ከወራጁ መሐል የእናቴ ፊት ጠፋ።

ቀሪዎቹን ስንኞች አላመጣቸውም፤ እየተባባሱ ነው የሚሄዱት። በአንድ መድረክ ላይ ሳነበው ተጨበጨበልኝ። አንድ አስተያየት ሰጪ እናት የተባለችው አገር መሆኗን፣ ባቡሩም ታሪክ መሆኑን በሰፊው አብራሩልኝ። እኔም አልካድኩም። ማን ይክዳል? የእናቴን ወገብ የጠመጠመው ጨርቅ፣ የአራቱ ቀሚስ ላብ፣ የጭነት መኪናው ፍየል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ምሳሌ ሆነው በረሩ።

ለበዓል ወደ ድሬ በሄድኩ ጊዜ ግጥሙን ለእናቴ አነበብኩላት። ቡና እያፈላች ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «የሚያምር ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ግን አንተ እኮ ውጭ ነበርክ» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ረከቦቱን እንደምታስተካክል ሁሉ ነገሩን ማስተካከሏ ነበር። ይህች ዓረፍተ ነገር እነሆ ከዐሥር ዓመት በላይ ስትከታተለኝ ኖራለች።

ነገሩን ወደ ሥነ ጽሑፍ ልውሰደው፤ ምክንያቱም የእናቴ ትችት ለእኔ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። ስለዚህ ባቡር ከተጻፉት ነገሮች በዓለም ዘንድ በስፋት የተነበቡት በእንግዶች የተጻፉ ናቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል ሲመጣ ከጅቡቲ የተሳፈረው በዚሁ ባቡር ነው፤ ጉዞውንም በመጽሐፍ አውጥቶታል። ለሹፈት የተፈጠረ ብዕር ነበረውና ብዙ የሚያስቀይም ነገር አለበት፤ ሆኖም ሰውዬው ውስጥ ነበር፤ ያየውን ጽፏል። ያየው ግን ከእሱ መስኮት የሚታየውን ነው። በሌላው ፉርጎ ውስጥ፣ በጥቅልና በሰው መሐል ተጣጥፋ የምትጓዝ ሴት የምታየው ሌላ ነው። እሷ አልጻፈችም። እኛ ልጆቿ ደግሞ ከውጭ ቆመን ስንቆጥር አድገን፣ ፊደል ስንቆጥር የፈረንጁን ያመለጠ ባቡር ተበድረን እሷን አገር አደረግናት። እኔ እንደሚመስለኝ የባቡር ሥነ ጽሑፋችን ባዶ የሆነው ትዝታ ስላነሰን አይደለም። ትዝታ ሞልቶናል። የጎደለን ውስጥ የነበረችውን መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሚለውን ላንሣ፤ ሐሳቡ የብዙ ሰው ሐሳብ ነውና። «ያ ባቡር» ይላል፣ «ኪሳራ ነበር። ቀርፋፋ፣ ያረጀ፣ ዕቃ የሚዘረፍበት። ለምን ታለቅስለታለህ?» አላለቅስለትም። ሐዲዱ በአንድ ሜትር ስፋት የተዘረጋ፣ ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ የተሠራለት ዘመን ያለፈበት መሆኑን አውቃለሁ። ሰው እንደ በላም አውቃለሁ፤ በጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል በገባ ጊዜ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ጡረተኛው ጎረቤታችን ጣቢያዎቹን ሲያስጠኑን አዋሽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲቋረጥ እኔ ለትምህርት አዲስ አበባ የመጣሁት በአውቶቡስ ነበር። በዚህ ሁኔታ ስፈልገው የኖርኩትን ባቡር አንድም ቀን ሳልሳፈርበት ቀረሁ። ከሒሳብ መዝገብ አንጻር ከሆነ ባልደረባዬ ልክ ነው። የመዝገቡ ችግር ግን የሚይዘው ጭነትና ተሳፋሪ ብቻ መሆኑ ነው። ቆሞ ያየውን ልጅ የሚያስገባበት ዓምድ የለውም፤ ያለ ቲኬት፣ ለቁጥጥር እየደበቀች የሄደችውንም እንዲሁ።

አዲሱን ባቡር ግን ተሳፍሬበታለሁ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በቴሌቪዥን አየሁት፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩበት። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ንጹሕ፣ ሰፊ ሐዲድ ያለው ነው፤ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ሳልል ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ነገር ግን ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። አዲስ አበባም ላይ እንደዚሁ፤ ለገሀር ዛሬ የታክሲ ረዳት የሚጮኸው ስም ሆኖ ነው የቀረው፤ ከሚጮኹት ስንቱ «ጋር» ማለት በፈረንሳይኛ ጣቢያ መሆኑን ያውቅ ይሆን? ድሬ ስደርስ ከባቡሩ ወርጄ ወደ ከተማው የሚወስደኝ መኪና መፈለግ ነበረብኝ። በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚቆጥር ልጅ አላየሁም። ከየትስ ይመጣል? ከሠፈሩ እስከ ሐዲዱ የአንድ ትንፋሽ ሩጫ አይደለም። መስኮቱም አይከፈትም። ጥቅል ሊወረወርበት አይችልም፤ ይህ ለመንግሥት መልካም ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ልጄን ይዣት ሄጄ ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው። ወደ አሮጌው ጣቢያ ወሰድኳት፤ የቆሙትን ፉርጎዎች እንድታይ ፈልጌ። ቆጠረቻቸውም፤ እስከ ዐሥራ አራት ደረሰችና «አይንቀሳቀሱም እንዴ?» አለችኝ። የማይንቀሳቀስ ነገር መቁጠር ቀላል ስለሆነ ወዲያው ሰለቻት። በየጊዜው አሮጌው መስመር ሊታደስ ነው ሲባል እንሰማለን። ቢታደስ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አዲስም ቢሆን፣ አሮጌም ቢሆን፣ ልጆች ሊደርሱበት ከማይችሉት ባቡር ምን ዓይነት ግጥም እንደሚወጣ ለመገመት ያስቸግረኛል። ምናልባት አሁንም ያመለጠው ባቡር ግጥም። አሁን ግን እውነት ይሆናል።

ያን ዕለት ማታ እናቴ ቤት ተቀምጠን ለልጄ የጣቢያዎቹን ስም እንደ ድሮው ልወጣላት ሞከርኩ። ሺኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማችኝና «ዘለልክ እኮ» አለችኝ። አልዘለልኩም አልኳት፤ ጡረተኛው ሰውዬ እንዲህ ነው ያስጠኑን። «እሱ ጣቢያ ጣቢያውን ነው የሚያውቀው» አለችና እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ከዚያ መዘርዘር ጀመረች። ከሺኒሌ በኋላ ውኃ የምትሸጥ አሮጊት የምትቆምበት አለ። ከዚያ ወዲያ ፈታሾች የሚሳፈሩበት ኩርባ። ከአዲጋላ ወዲህ ሌሊት ከሆነ የሚበርድበት፣ ሴቶቹ ተጠጋግተው የሚተኙበት ሜዳ። ጥቅሏን የወሰዱባት፣ ከባቡሩም ወርዳ የቀረችበት ቦታ። እያንዳንዱን ስትጠራ በእጇ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ቦታውን ታሳየን ነበር። እኔ ብዕር አወጣሁ።

«ይህ የወረድሽበት ስሙ ማነው?» አልኳት።

«ስም የለውም» አለችኝ። «አንድ ግራር አለ። እዚያ ጋ ሲደርስ ባቡሩ ቀስ ይላል።»